የሃምሳ ሎሚ ሒሳብ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ባነር ለወራት ተሰቅሎ ነበር። የአንዲት ጎረቤታችን ፎቶ ነው፤ እዚህ እትዬ ልበላቸው። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት ከፊታቸው ቀድሞ ይታያል። ከሥሩ «ወገን ድረሱልን፣ ለቀዶ ሕክምና 500 ሺህ ብር ተጠይቀናል» ይላል። ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ያሰቀልነው አምስት የሠፈር ሰዎች ነን። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ስሕተት ግን ነበር። አንድ የግል ሆስፒታል በስልክ የነገረንን ዋጋ ያዝን። ለመንገድ፣ ለማረፊያ እያልን በግምት ጨመርንበት። ከዚያ ደፈን እንዲል አደረግነው። ሌላ ቦታ አልጠየቅንም። እትዬ የጤና መድን ካርድ እንዳላቸው እንኳ ያወቅነው ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። ገንዘብ አዋጥቶ ሰው ማሳከም እንዴት እንደሚሠራ፣ የት የት ላይ እንደሚሰናከል የገባኝን ልንገራችሁ።

ለጎጃም ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛ የሚመጣው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው ይሸከማል። ሌሎች ከኋላ ይከተላሉ። ሲደክማቸው እየተቀያየሩ ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። አሁን በየስልኩ የምናየው መዋጮም ይኸው ነው፤ ትከሻው በብር ተተካ እንጂ። ልዩነቱ አንድ ነው። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ሕመምተኛውን ያያል፣ መንገዱን ያውቃል፣ የት እንደሚያደርሰውም ያውቃል። በቴሌብር 100 ብር የሚልክ ሰው ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም። የኮሚቴ ሥራ ሁሉ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። እኛ ግን ሥራችን ባነር ማሠራት መስሎን ነበር።

እድርስ? ትሉ ይሆናል። እድር በአብዛኛው ለሞት የተሠራ ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ለለቀስተኛ ነው። ለሞተ ሰው በአንድ ጠዋት የሚወጣ ገንዘብ፣ ላልሞተ ሰው ሲሆን ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራበታል። ለሕመምም መክፈል የጀመሩ እድሮች አሉ። የእኛው ገና እየተከራከረ ነው።

ከባነሩ በፊት ወረቀቱ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ነው ለሙከራ የተጀመረው፤ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች። ከነዚያ አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ ይከፍላሉ፣ ቤተሰቡ ይታከማል። ጭራሽ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ማን እንደሆኑ የሚለየው በቀበሌ ነው።

ብዙ ሰው መድኑ ለወባና ለጉንፋን ብቻ ይመስለዋል። ውል ባለው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናም ይሸፍናል። መንገዱ ግን በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ላይ። በየደረጃው የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን ዘልሎ በቀጥታ ባሕር ዳር የወረደ ሰው፣ ካርዱን ኪሱ ይዞ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። እኛም ልንዘልል ጫፍ ላይ ነበርን። ያስቆመችን አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «ሪፈራችሁ የታል?» አለች። እርስ በርስ ተያየን።

መድኑ ሁሉን አይሸፍንም። ውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም። ለመልክ ተብሎ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም አይገባም። ደግሞ በወረቀት የተሸፈነ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለውን ቃል ያልሰማ አስታማሚ ያለ አይመስለኝም። ከውጭ ስትገዙ ደረሰኙን አትጣሉ። ወረዳው የሚመልሰው ነገር ካለ በደረሰኝ ብቻ ነው።

ጭራሽ መዋጮ የማያስፈልጋቸው ሕክምናዎችም አሉ። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እናቶችን በነፃ ያክማል። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ በበጎ አድራጎት ድጋፍ በነፃ የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች አሉ። በዐይን ማዝ ምክንያት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚቧጭረው ሰው በክልላችን ብዙ ነው። የእሱም ትንሽ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ በነፃ ይሰጣል። በቆልማማ እግር የተወለደ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ከመጣ በአብዛኛው በጀሶ ይስተካከላል፤ ትልቅ ኦፕራሲዮን አይፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር?» አይደለም። «ይህ በሽታ በነፃ ወይም በመድን የሚታከምበት ቦታ አለ ወይ?» ነው። አንድ ቀን ስልክ ሲደውሉ መዋል ነው። አሰልቺ ነው። ከባነሩ ግን ይበልጣል።

ገንዘቡ የሚያልቀው የት ነው?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ቀዶ ሕክምና ዓለም አቀፍ ሪፖርት አውጥቷል። በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰው ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ በሚከፍለው ገንዘብ የተነሣ ኑሮው ይናጋል ይላል። ከሕክምናው ውጭ ባለው ወጪ፣ ማለትም በመጓጓዣ፣ በምግብና በማረፊያ የተነሣ ደግሞ ሌላ 48 ሚሊዮን። ሁለተኛው ቁጥር ይበልጣል። ከቢላዋው ይልቅ መንገዱ ያደኸያል ማለት ነው።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀንን አልፈን፣ ዓባይ በረሃን ወርደን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥተን ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። በክልላችን ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን መንገድ ሲዘጋ ሕመምተኛም ከነአስታማሚው ባለበት ይቀራል። የአልጋ ኪራዩ ግን አይቆምም። ለሁለት ቀን የያዙት ስንቅ ለሁለት ሳምንት አይበቃም።

አስታማሚም ነፃ አይደለም። ለአንድ ሕመምተኛ ቢያንስ አንድ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ገበሬ ከሆነና ጊዜው ሰኔ ከሆነ፣ ማን ያርስለታል? ሠፈሩ ወንፈል ገብቶ ካረሰለት እሰየው። ካልሆነ የዓመቱ እህል ቀረ። ባነር እስኪሰቀል ድረስ ቤተሰቡ ምን ሸጦ እንደመጣም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንድ በሬ ሄዷል። አንድ በሬ ደግሞ ጥማድ አይሆንም። ሕመምተኛው ድኖ ይመለሳል፣ ሞፈሩ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ይህ ወጪ ግን ሆስፒታል አስቀድሞ በሚሰጠው የዋጋ ወረቀት፣ በፕሮፎርማው ላይ አይጻፍም።

ምርመራውም አለ። ለእትዬ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሆርሞን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ታዘዘ። ከሦስቱ ሁለቱን ያሠራነው ከውጭ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው በእኛ ላይ ቃል በቃል ደረሰ ብለን ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሁላችንም ዝም አልን።

ስለ እንቅርቱ ትንሽ ልበል። በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። በደጋና በተዳፋት መሬት ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። እህሉም ውኃውም ሳይዘው ይቀራል። ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ወጥቷል፤ ለእትዬ ዕድሜ ግን ዘገየ። ብዙ እንቅርት ሳያስቸግር ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ መቆረጥም አያስፈልገውም። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው የትንፋሽ ቧንቧን ሲጫን፣ መዋጥ ሲከለክል ወይም ካንሰር ሲጠረጠር ነው። እትዬ በጀርባቸው መተኛት ካቆሙ ወራት ሆኗቸው ነበር። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ተቀምጠው ነው።

ስለ ደምም አስቡበት። ደም አይሸጥም፤ «ደም እገዛላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ነገር ግን ሆስፒታሉ ምትክ የሚሰጥ ሰው ይዛችሁ ኑ ሊል ይችላል። ብር ከማሰባሰብ በፊት ሁለት ሦስት ጤነኛ ወጣት ማስማማት አይከፋም። አንዳንዱ ወጣት ከ50 ብሩ ይልቅ ደሙን በደስታ ይሰጣል።

ስለ ፕሮፎርማ አንድ ምክር። ቀን የሌለው ፕሮፎርማ አትቀበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተቀያይሯል። ለተሰበረ አጥንት የሚገባ ብረት፣ የልብ ቫልቭ፣ ማደንዘዣው ሳይቀር። የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈ ዋጋ ይዞ የተነሣ ኮሚቴ «ሞላ!» ብሎ ከጨፈረ በኋላ እንደገና ይለምናል። ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛ ልመና አይወድም።

ያጣነው ብር ነው ወይስ ወረፋ?

ይህን ጥያቄ አንድ ሐኪም ነው የጠየቀን። መጀመሪያ አልገባንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ወረፋው ግን ይረዝማል። በግል ሆስፒታል ወረፋው ያጥራል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ብዙ ጊዜ ባነር ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ሕክምናውን ሳይሆን ወረፋውን የመዝለያ ዋጋ ነው። ይህ ነውር አይደለም። መጠበቅ የሚገድለው በሽታ አለ። ካንሰር ከሆነ፣ የአንጀት መታጠፍ ከሆነ፣ አንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ ይዘለል እንጂ ምን ይደረጋል። ግን ሦስት ወር ቢጠብቅ የማይጎዳ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ሕዝቡ 500 ሺህ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ይህን የሚመልስ ሐኪም ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ አትበሉት። «ስንት ጊዜ መጠበቅ እንችላለን?» በሉት።

ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ሕክምናው አገር ውስጥ እንደማይሰጥ የሐኪሞች ቦርድ መጻፍ አለበት። ያ ወረቀት ሳይኖር «ሕንድ ልንወስደው ነው» የሚል ባነር ካያችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ጥሩ ኮሚቴ ሳይጠየቅ ያሳያል።

ዲያስፖራውና ጎፈንድሚ

አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚነሣው «ጎፈንድሚ ክፈትልን» ነው፤ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ገጽ ማለት ነው። ጎፈንድሚ ገንዘብ ወጪ የሚያደርግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ሞጣ ወይም ቢቸና ያለ ሕመምተኛ ራሱ ሊከፍት አይችልም። ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍታል፣ ገንዘቡ በእሱ ባንክ ይገባል፣ ከዚያ እሱ ይልካል። መተማመኑ ሁሉ በዚያ ሰው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ማን እንደከፈተው፣ ለታማሚው ምኑ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚልክ ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ተቆራጭም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይነሣል። 5 ዶላር የሰጠ ሰው 45 ሳንቲም ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። 100 ዶላር ከሰጠ 3 ዶላር ከ20 ነው የሚነሣው። ስለዚህ አሥር ሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አዋጥቶ በአንድ ሰው እጅ ቢያስገባ ይሻላል። ትንሽ ሒሳብ ናት፤ ግን የአንድ ሳምንት መድኃኒት ትገዛለች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ያኔ የታመመ የጎጃም ሰው ፎቶውን የሚለጥፍለት፣ ታሪኩን የሚጽፍለት አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ሰው ብቻ ነበር። ዘመድ ያለው ታየ። ዘመድ የሌለው አልታየም።

አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልጨምር። ቼዝ አዳም የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ኮስታ ሪካ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ልጇን ለማሳከም ገንዘብ ትጠይቃለች። መናኸሪያችን በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው። ሴትዮዋ ግን በእጇ የልጇን የሕክምና ማስረጃ ይዛ ለተሳፋሪው ታሳይ ነበር። ተሳፋሪው ሰጠ። አዳም ይህ በሆነባት ከተማ ስም ዋትሲ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ አስጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሕመምተኛውን የሚያጣራው ሆስፒታሉ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል። ገንዘቡ ለሕክምናው ለሆስፒታሉ ይከፈላል፤ በሕመምተኛው እጅ አይገባም። ለሕመምተኛ የተሰጠው ሁሉ ለሕክምና ይውላል፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ደሞዝ ለዚያ ተብሎ ከሚሰጥ ሌላ ገንዘብ ይከፈላል። የሰጠው ሰው በኋላ ሕመምተኛው እንዴት እንደሆነ ይነገረዋል።

ከዚህ ውስጥ እኛ ሠፈር የማይሠራ ነገር የለም። ሴትዮዋ የያዘችው ማስረጃ ነው ቁም ነገሩ።

ኮሚቴ ስትሆኑ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚውን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ ተረቱ አይናገርም። ሒሳቡ በአንድ ሰው ስም ከሚሆን በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። አንዱ ፈራሚ የታማሚው ቤተሰብ ባይሆን ይመረጣል። ቤተሰብ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ቤተሰብ ሲጨነቅ ማንም የጠቆመው ቦታ ሁሉ ይከፍላል፤ ጠበል፣ ባህል ሐኪም፣ ደላላ። ለሆስፒታል የሚከፈለው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፈል፣ ደረሰኙም ይለጠፍ።

አንድ ነገር በጣም ይከብዳል፤ ግን ቀድሞ ይጻፍ። ገንዘቡ ቢተርፍ ምን ይሆናል? ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያርፍስ? ይህን በቃለ ጉባኤ ላይ ሳነሣ አንድ ሽማግሌ «ምን ያሟርታል ይህ ልጅ!» ብለው ተቆጡ። በኋላ ግን የፈረሙት መጀመሪያ እሳቸው ናቸው። «ቢተርፍ ለመድኃኒት፣ ከዚያ ለሌላ ሕመምተኛ» ተብሎ ተጻፈ።

ሰጪም ብትሆኑ ሁለት ነገር አድርጉ። በስልክ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ባነሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ከዚያ የተጻፈውን ስልክ ሳይሆን ሆስፒታሉን ደውላችሁ ጠይቁ። የሰው ፎቶ ወስዶ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ መለጠፍ ቀላል ነው።

ፍትሐዊም አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ልባችን ዐይናችንን ይከተላል። ትንሽ ልጅ ከሆነ፣ ቆንጆ ፎቶ ካለው፣ የታወቀ ሰው ካጋራው ይሞላል። የ55 ዓመት ገበሬ፣ ስሙ የማይጠራ የፊንጢጣ ወይም የፕሮስቴት ሕመም ያለው፣ ማን ባነር ይሠራለታል? እሱ ራሱስ ፎቶው እንዲለጠፍ ይፈልጋል? መዋጮ መድንን አይተካም የምለው ለዚህ ነው። መድን ፎቶ አይጠይቅም።

የእትዬ ነገር ምን ሆነ? ቀጠሯቸው ሦስት ወር ፈጀ። በመድን ካርዳቸው፣ በመንግሥት ሆስፒታል ተሠራላቸው። የሰበሰብነው 140 ሺህ ብር ነበር፤ ባነሩ ላይ ከጻፍኩት ሲሶም አይሞላ። እሱም ምርመራውን፣ መንገዱን፣ አልጋውን፣ ከውጭ የተገዛውን መድኃኒት ችሎ ተረፈ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ስለወጣ ከእንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ አንድ ክኒን ይውጣሉ። የተረፈው ለዚያ ተቀምጧል።

ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ጠባሳውን አሳዩኝ። በጀርባቸው ተኝተው እንደሚያድሩ ነገሩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ያን ፎቶዬን አውርዱልኝ» አሉኝ። «ሰው ሰላም ሲለኝ ዐይኔን ትቶ አንገቴን ነው የሚያየው።»

ባነሩን በዚያው ቀን አወረድነው። ባለፈው ወር ግን አንድ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም «አስቸኳይ፣ ለሌሎች አጋሩ» የሚል መልእክት ላከልኝ። የእትዬ ፎቶ ነው፣ ከነእንቅርታቸው። ከሥሩ ያለው የባንክ ሒሳብ የእኛ አይደለም።